የትኛውን ብረት ልላክልሽ

ይድረስ ለእትዬ፣ በልጅነቴ ጣቶቼን በጣቶችሽ ሸፍነሽ መሮ ላስያዝሽኝ፣ ዛሬም ከሩቅ ሆነሽ መቆጣቱን ላልተውሽው እህቴ።

እንዴት ከርመሻል? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ስከርም መጀመሪያ እንደተቆጣሽ፣ ቀጥሎ እንደሰጋሽ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና እንደተቆጣሽ አውቃለሁ። ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ደረጃውን መውጣት ጀመረች ወይስ አሁንም ታች ቁጭ ብላ ነው ላይ ያላችሁትን የምታዝዘው? ባልሽ ደህና ነው? ልጅሽ ቁመቷ ደረሰብሽ ወይስ ገና ነው? አክስቴስ አሁንም ከእናንተ ጋር ናት? ስለ እኔ ከጠየቅሽኝ፣ አካሌ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ። ልቤ ግን ከተከፋ ሰነባበተ። ዛሬ ቁጭ ያልኩት ለምን እንደተከፋ ልነግርሽ ነው።

በመንገደኛዋ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። አፋቸው የጠበበ ትልልቅ የእንጨት ማሰሮዎች መሥራት ጀምረሻል አሉ። ደስ ብሎኛል። የአባባ መቅረጫ ብረት አጠረኝ፣ የማሰሮውን ውስጥ ፈልፍዬ ሆድ ለማውጣት እንደ እሱ ያለ፣ ግን ረዘም ያለውን መርጠሽ ላኪልኝ ብለሻል። «ምን ያስቸግራል፣ ብረት አይደል» ብለሽ ደግሞ ጨምረሽበታል፤ መንገደኛዋ ድምፅሽን አስመስላ ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። ግን እትዬ፣ ያስቸግራል። ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ የተውኩት ስላስቸገረኝ ነው።

የማሰሮ ሆድ ምን እንደሆነ ለአንቺ መንገር አይገባኝም፣ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ውጪውን ማንም እያየ ይሠራዋል፤ ውስጡ ግን ጨለማ ነው። ብረቱ በዚያች ጠባብ አፍ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ዓይን አያየውም። ብረቱ ከመደገፊያው በራቀ መጠን ጫፉ ይንቀጠቀጣል፣ ድንገት የነከሰ ዕለት ደግሞ እንጨቱን ሳይሆን የያዘውን ሰው ነው የሚገለብጠው። ስለዚህ ለጥልቅ ዕቃ ወፍራም ብረት፣ ከአፉ በታች ላለው ትከሻ አንገቱ የተቆለመመ፣ ለታችኛው ወለል ቀጥ ያለ እንመርጣለን። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ምርጫው በዚህ የሚያበቃ ይመስለኝ ነበር።

የምሠራበት ወርክሾፕ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ በቆርቆሮ የተከደነ ቤት ነው። በአንድ በኩል ጎማ ጠጋኞች፣ በሌላ በኩል ልብስ አጣቢዎች አሉ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የጎማና የሳሙና ሽታ ከሰጋቱራችን ጋር ይቀላቀላል። ባለቤቷን ማዳም ነው የምንላት። ባሏ ሲሞትባት ሥራውን ተረክባ ቀጥ አድርጋ ያቆመች፣ ድምፀ ወፍራም፣ ቁጣዋም ደግነቷም የማይዘገይ ሴት ናት። በመስኮቱ ሥር ያለውን ትልቁን ቶርኖ የሚይዙት ደግሞ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ፊት ለፊት ጋሼ እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ግን ስማቸው «ዝም በሉ» ነው።

ስሙ የወጣላቸው የማሰሮ ሆድ ሲያወጡ ወርክሾፑ ውስጥ ትንፍሽ የሚል ሰው ስለማይወዱ ነው። «ዝም በሉ፣ እንጨቱ እያወራ ነው» ይሉናል። እውነት ነው፣ ያወራል። ግድግዳው ወፍራም ሳለ ድምፁ ከባድ ነው፣ ዱም ዱም ይላል፤ እየሳሳ ሲሄድ እየቀጠነ፣ እየሰላ ይመጣል። ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያንን ይሰሙና ልክ በሚፈልጉት ውፍረት ላይ ብረቱን ያወጣሉ። እኔ እዚህ ስመጣ «ሴት ልጅና ቶርኖ» እያሉ የሳቁብኝ ነበሩ። እሳቸው ግን የሠራሁትን ሳህን አገላብጠው አዩና ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። እህቴ ናት አልኳቸው። «እህትሽ እጅ አላት» አሉና አጠገባቸው ያለውን ቶርኖ ለቀቁልኝ። በሰው አገር ከሰማሁት ቃል ሁሉ እንደዚያ ያሞቀኝ የለም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ታዲያ «ዝም በሉ» ማለቱን ተዉት። ብናወራ፣ ሬዲዮ ብንከፍት፣ ቀና ብለው አያዩንም። ዕድሜ አለሰለሳቸው ብለን ደስ አለን። እንዲያውም አንዱ ሠራተኛ ከእንግዲህ ስማቸው «እንዳሻችሁ» ይባል ብሎ አስቆናል። ጠርተናቸው ካልመለሱም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ነው እንላለን። እትዬ፣ ብዙ ሰዎች ሆነን ሰውን በየቀኑ እያየን ምንም ሳናይ መክረም ይቻላል።

አንድ ሆቴል ለመግቢያው አዳራሽ የሚሆኑ ትልልቅ ማሰሮዎች አዘዘን። እንጨቱ ከግንድ ቋጠሮ የተቆረጠ ነው፤ ሲያምር ያምራል፣ ሲያስቸግር ደግሞ ውስጡ የተደበቀ ስንጥቅና ጉድጓድ አያጣም። የመጀመሪያው ማሰሮ ለጋሼ ደረሳቸው። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሰጋቱራው ብን ብን ሲል ይታያል። ጋሼ ረጅሙን ብረት በብብታቸው ሥር አጥብቀው ይዘው፣ እግራቸውን ከፍተው ቆመው ከውስጥ እየፋቁ ነበር። እኔ አጠገባቸው አንድ ክዳን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። ድምፁ ሲቀየር ሰማሁት። ከዱምታው ወጥቶ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። እጄ በራሱ ጊዜ ሥራውን አቆመ። አሁን ያወጡታል ስል አላወጡም። ፊታቸውን አየሁት፣ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ የረጋ ነው። እሳቸው እኔ የማላውቀውን ነገር ያውቃሉ ብዬ አፌን ያዝኩ።

ከዚያ ማሰሮው ፈነዳ። ሌላ ቃል የለኝም። ብረቱ ነክሶ ወደ ላይ ሲወረወር ጋሼን ከነቁመታቸው አነሳቸውና ግድግዳው ሥር ጣላቸው። አንዱ ስባሪ የፊታቸውን መከለያ መትቶ ለሁለት ከፈለው፤ መከለያው ባይኖር ዓይናቸው አይተርፍም ነበር። ዘልዬ ሞተሩን አጠፋሁ። ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈዋል፤ እጁ ከአንጓው በላይ መሆን በሌለበት ቦታ ታጥፏል። እንዲያ ሆነው እንኳ የሚያሳስባቸው እንጨቱ ነበር። «ገና ወፍራም ነበር እኮ» አሉኝ። ጋሼ፣ ድምፁ እኮ ሳስቶ ነበር አልኳቸው። አፌን ትኩር ብለው አዩት፤ ዓይኔን ሳይሆን አፌን። «ምን አልሽ?» አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃቸው እጃቸውና ትከሻቸው በጀሶ ታስሮ መስኮቱ አጠገብ ተኝተው አገኘኋቸው። ሌሎቹ ጠያቂዎች እስኪወጡ ጠበቁና በደህናው እጃቸው ጠቀሱኝ። ቀኝ ጆሯቸው ከጠፋ መቆየቱን፣ ግራውም ተከትሎ እየሄደ መሆኑን፣ እስከ ዛሬ የሠሩት በእጃቸው በሚሰማቸው ንዝረትና በልምድ መሆኑን ነገሩኝ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ያ ቶርኖ ብቻ ነው። «ማዳም እንዳትሰማ» አሉኝ። ሽማግሌ ሰው እንደዚያ ሲለምን አይቼ አላውቅም። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳቸው።

ማዳም በበኩሏ ያን ዕለት ስባሪዎቹን አንድ በአንድ ለቅማ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ስታያቸው ዋለች። ከሆስፒታል ስመለስ ምን እንደሆነ ጠየቀችን። ሁሉም አላየሁም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ረጅሙን ብረት አነሳችና ሰውየውን የጎዳው ይኸ ነው አለች። ያንን ብረት የቀጠቀጠው ለዓመታት መሣሪያችንን ሁሉ የሚሠራልን ብረት ሠሪ ነው። እዚያው ቆማ ስልክ ደወለችለትና ከእንግዲህ አንድ ብረት እንዳታመጣብኝ አለችው። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። የሆቴሉ ሥራ መቆም ስለሌለበት፣ የማሰሮ ሆድ ማውጣት ከጋሼ ቀጥሎ የምችል እኔ ስለሆንኩ፣ መደብር ሄጄ አዲስ መሣሪያ እንድመርጥ አዘዘችኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እንዲህ መታመኔ ክንፍ ያወጣልኝ ነበር። ያን ቀን ግን እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ።

መደብሩ ያማረ ነው፣ አንቺ ብታይው አትወጪም። ብረቶቹ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንደ ጌጥ ተደርድረዋል። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው፣ እያወጣ አሳየኝ። አንዱ እንደኛው ያለ ረጅም ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ሲዶለዱም የሚቀየር ጠንካራ ምላስ አለው፣ እንጨት እንደ ቅቤ ይቆርጣል፣ ግን ሁሉ ነገር በያዘው ሰው እጅና ጆሮ ነው። ሌላው ምላሱ ላይ ትንሽ ከለላ ያለው ነው፤ ከሚገባው በላይ እንዳይነክስ ይከለክላል፣ ሥራው ግን ይንቀራፈፋል፣ ፍቅፋቂውም እየጠቀጠቀ ያስቸግራል። ሦስተኛው ክንድ ነው። ብረቱ ከኋላው በሁለት ብረቶች መካከል ታቅፎ ይሄዳል፤ መጠማዘዝ አይችልም፣ ቢነክስም ሰውን አይወረውርም። ሰውየው ይመራዋል እንጂ አይሸከመውም። ከላዩ ደግሞ ትንሽ ብርሃን አለችው፣ ምላሱ ውስጥ የት እንደደረሰ ውጪ በማሰሮው ገላ ላይ በቀይ ነጥብ ታሳያለች። ለሚፈለገው ውፍረት ቀድመሽ ታስተካክያታለሽ፤ ነጥቧ ከማሰሮው ጠርዝ ላይ ወድቃ ስትጠፋ ውፍረቱ ደርሷል ማለት ነው። መስማት አያስፈልግም።

ሻጩ ማን ነው የሚሠራበት ብሎ ጠየቀኝ። ተራ ጥያቄ ነው፣ የክንድ ጉልበቴን ለማወቅ ነው የጠየቀው። ለእኔ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃኛል። ለጋሼ ከሆነ ከሦስተኛው ሌላ የለም። ሦስተኛውን ይዤ ብሄድ ግን ማዳም ጆሮ ላለው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ ማለቷ አይቀርም፤ ምን ልላት ነው? የመጀመሪያውን ብወስድ ደግሞ ጋሼ ድነው ሲመለሱ በእጃቸው የማስጨብጣቸው ያንኑ የጣላቸውን ነገር ነው። ቆሜ ቆሜ እንደገና እመጣለሁ ብዬው ባዶ እጄን ወጣሁ። ለማዳምም የምፈልገው አልቋል አልኳት። ውሸት አንዴ ከጀመርሽው ቤት ይሠራል።

ብረት ሠሪው በማግስቱ መጣ። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ክንዶቹ በእሳት ፍንጣሪ የተጠቃጠቁ ሰው ነው። ማዳም በቢሮዋ መስታወት አይታው አልወጣችም። ብረቱን ላየው እችላለሁ ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። አነሳው፣ በእጅጌው ጠረገው፣ ወደ መስኮቱ አቅንቶ በአንድ ዓይኑ እያነጣጠረ አየው፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደበት። «አልታጠፈም፣ አልተሰነጠቀም። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» አለ። አልተቆጣም፤ ማወቅ ነበር የፈለገው። ወሬው ከእኛ ግቢ ወጥቶ ሌሎች ደንበኞቹም ያሠሩትን ብረት ሊመልሱበት ማሰባቸውን ነገረን። ከሁሉ እኔ ቅርቡ ስለነበርኩ መልሱን ከእኔ የሚጠብቅ መሰለኝ። መሬት መሬት አየሁ። ብረቱን እንደ ሕፃን በቀስታ አስቀምጦ ሄደ። እትዬ፣ የዚያን ሰው ጀርባ ሳይ ያፈርኩትን ያህል ሰርቄ ብያዝ አላፍርም።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ከሆስፒታል ወጥተው ነበር። አንዲት ክፍል ናት፣ ንጹሕ ናት፤ በመደርደሪያው ላይ የራሳቸው ሥራ የሆኑ ሳህኖች በመጠናቸው ተደርድረዋል። አፌን እንዲያዩኝ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፣ ቃል ቃሉን ለይቼ ስለ ብረት ሠሪው ነገርኳቸው። አላወቁም ነበር። ፊታቸው ጠቆረ።

«ብረቱማ ምን አደረገ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው «ቃል ገብተሽልኛል» አሉኝ።

«ገብቻለሁ። ግን ሰውየው እንጀራው ሊዘጋበት ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ» አልኳቸው። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ መንቀጥቀጡን ስለማይሰሙት እግዜርን አመሰገንኩ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከማይሰማ ሰው ጋር ንግግር እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ ፊቱን ካዞረ በቃ፣ ብትጮሂም ብታለቅሺም ለግድግዳው ነው። ትንሽ ቆምኩና በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ። በቀስታ መዝጋቴ ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም።

ጠዋት እጃቸው እንደታሰረ፣ ሸሚዛቸው ተተኩሶ፣ ወርክሾፑ ገቡ። ማንንም ሳያናግሩ ወደ ቢሮው አለፉ። በመስታወቱ እናያለን እንጂ አንሰማም። ማዳም መጀመሪያ ቆማ ነበር፣ ቀጥላ ተቀመጠች፣ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጋሼ ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ፤ አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ቀጥላ እሷ ወጣችና ሁሉም ሰው እየሰማ «አንቺ ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን አዙራ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ያኔውኑ ተነስታ ብረት ሠሪው ድረስ በእግሯ ሄዳ ይቅርታ እንደጠየቀችው ኋላ ከራሱ ሰማሁ። ያ ወፍራም ድምጿ እንደ ሕፃን ሆኖ ነበር አለኝ። ለደንበኞቹም ራሷ እየደወለች አስረዳችለት። እኔን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንደምን አደርሽ ስትለኝ ከትከሻዬ በላይ ነው የምታየው። ሥራ ታዘኛለች፣ ደመወዜን ትከፍለኛለች፤ ዓይኗን ግን ነፍጋኛለች። አልፈርድባትም፣ ግን ይከብደኛል።

ጋሼን በተመለከተ ያለችው አጭር ነው። አደጋ የማያመጣ ነገር ከተገኘ ይሥሩ፣ ካልተገኘ ክዳንና ሳህን ይሥሩ አለች። ስለ ክንዱ ነገርኳት። ከመደብሩ ከመግዛት ይልቅ ብረት ሠሪው ይሥራው አለችኝ፤ ለእሱ መካሻ እንደሆነ ገባኝ። ያየሁትን ወለሉ ላይ በጠመኔ ስዬ አሳየሁት። አንገቱን ነቀነቀና ከሣልኩት የተሻለ አድርጎ ሠርቶ አመጣው፤ ብረቱን የሚያቅፉት ሁለቱ ክንዶች ያለ ድምፅ ይንሸራተታሉ። ብርሃኗን ብቻ ገዛን።

የጋሼ እጅ ከጀሶ ሲወጣ ጣቶቻቸው እንደ ድሮው የማይጨብጡ ሆነው ቀሩ። ሐኪሙ ከጊዜ ጋር ይሻላል ብሏል። አዲሱን ዕቃ ዞረው ዞረው አዩት፣ ሰው ቤት ገብቶ የት ልቀመጥ እንደሚል እንግዳ። ከዚያ «ይኸ የኔ ሥራ አይደለም፣ የመብራቷ ነው» አሉና ቶርኖውን አስነሱ። ቀዩ ነጥብ በማሰሮው ገላ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ በዓይናቸው ይከተሉታል። ከጠርዙ ሲወድቅ ያቆማሉ፣ ሞተሩን አጥፍተው ፍቅፋቂውን ያወጣሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ሲጨርሱ በመለኪያ ዙሪያውን ለካነው፤ ከአፉ እስከ ወለሉ አንድ ዓይነት ነው። እኛ ደስ አለን። እሳቸው ማሰሮውን ከቶርኖው አወረዱና ወደ ግራ ጆሯቸው አስጠግተው በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። ጠበቁ። ከዚያ ለእኔ አቀበሉኝ። ቤታቸው ከሄድኩበት ቀን ወዲህ እኔን ያናገሩኝ ያኔ ነው።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

ሰማሁት። ቀጭን ነው ጋሼ፣ እንደ ደወል ነው አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ታረቅን ልልሽ እፈልጋለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። አንዳንድ ቀን ይመጣሉ፣ አንዳንድ ቀን ቶርኖው ሽፋኑን እንደለበሰ ይውላል። የሆቴሉ ሥራ ሲያልቅ ማዳም ምን እንደምትወስን ማንም አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ያን ረጅም ብረታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። እሳቸው ከእንግዲህ እንደማይዙት ነገሩኝና፣ እጅ ላላት ለእህትሽ ላኪላት አሉኝ። ብረቱ እዚህ አልጋዬ ሥር ነው። ጥሩ ብረት ነው እትዬ፣ ከመደብሩ ሁሉ የሚበልጥ፣ ልክ አንቺ ያልሽው ዓይነት ነው።

ግን አልላክሁትም። ለምን እንደሆነ ስነግርሽ አትቆጪኝ፤ ከተቆጣሽም እስከ መጨረሻው አንብቢው። ባልሽ ደውሎልኝ ነበር። አኩርፋኛለች አለኝ። ስጠራት አትዞርም፣ ከኋላዋ ስመጣ ትደነብራለች፣ ምን አጠፋሁ ብሎ ሆዱ ባብቶ ነው የነገረኝ፤ አስታርቂኝ ብሎ ነው የደወለው። እኔም መጀመሪያ ሳቅኩበት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንቺና እኔ ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ያወራነው ትዝ አለኝ። የእማዬ ጉንፋን ለቀቃት ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ። አንቺ «ዝናቡማ መች ለቀቀን» አልሽኝ። መስመሩ ነው ብዬ ነበር። እትዬ፣ መስመሩ ነው?

አባባንም አስታወስኩ። በመጨረሻ ዓመታቱ ስንጠራው ሳይመልስልን፣ በትምህርት ቤት ያገኘሽውን ሽልማት ልታሳዪው ከኋላው ቆመሽ አባባ፣ አባባ ስትይው ቀና ሳይልልሽ ሥራውን ሲቀጥል፣ ገብተሽ ያለቀስሽው ትዝ ይልሻል? እሱን እስከ ዛሬ እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ቶርኖው ጆሮው ሥር ሲጮህ የኖረ ሰው ነበር። አልናቀሽም ይመስለኛል። አልሰማሽም። ይህን ቀድሞ የሚነግረን ሰው አለመኖሩ ማታ ማታ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪም ቤት ሂጂና ጆሮሽን ታዪ። እስክትታዪ ድረስ ማሰሮዎቹን አትንኪያቸው፣ ሳህን ሥሪ፤ ቶርኖው ሲነሳም ጆሮሽን ድፈኚ፣ በጥጥም ቢሆን። ሐኪሙ ደህና ነሽ ካለሽ የጋሼ ብረት በመጀመሪያው መንገደኛ ይመጣልሻል። ደህና አይደለሽም ካለሽ ብረት ሠሪውን ለምኜ ሌላ ክንድ አሠራልሻለሁ፣ ብርሃኗንም እኔ እገዛለሁ፤ አሠራሩን ሥዬ እልክልሻለሁ። በሁለቱም ማሰሮ ይሠራል፣ አይቼዋለሁ። ሁለቱም አያስፈሩኝም። የሚያስፈራኝ ሐኪም ቤት ሳትሄጂ «ደህና ነኝ፣ ረጅሙን ላኪልኝ» ብለሽ የምትጽፊልኝ ነው። አውቅሻለሁና። አንቺም ታውቂኛለሽ፤ እንደ ጋሼ ደብቂልኝ ብትይኝ በዚህስ ቃል አልገባልሽም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ጋሼ አደጋ አትንገሪያት፣ እኔ ላይ የደረሰ አድርጋ ነው የምትሰማው። ለባልሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ አላኮረፈችህም፣ ከኋላ መጥራቱን ትተህ ፊት ለፊት ቆመህ አናግራት ብላሃለች በይው። ይህን ስታነቢ ከጎንሽ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ዞር ብለሽ እይው፣ ምስኪን ነው። ልጅሽን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ቶርኖው ክፍል ስትገባ እሷም ጆሮዋን እንድትደፍን፣ እንቢ ካለች አክስትሽ ልትልክልሽ ያሰበችውን ቀለም እርሳስ አልልክም ብላለች በያት። አክስቴን በጣም እንደናፈቀችኝ፣ ቁጣዋ እንኳ እንደናፈቀኝ ንገሪያት። የጎረቤቶቻችንን፣ በተለይ ግንዱን የሚያመጣልሽን ባለ ጋሪ፣ ሰላም በይልኝ። ስትጽፊልኝ ሐኪሙ ያለሽን እንዳለ ጻፊው፣ ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከወርክሾፑ በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን